ናፍጣ አውቶማቲክ ሲነጥቅና ሲጠፋ፦ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ያገለገለ ናፍጣ አውቶማቲክ ገዛችሁ እንበል። ወር ሳይሞላው መንጠቅ ጀመረ። መብራት ላይ ቆማችሁ ሞተሩ ድንገት ይጠፋል፣ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት ይቆራርጣል። ጋራዥ ስትወስዱት የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፦ «ካምቢዮው ነው፣ መውረድ አለበት»። ካምቢዮ ማውረድ ደግሞ ኪስ የሚያራግፍ ሥራ ነው።

ቸኩላችሁ እሺ አትበሉ። ናፍጣ ሞተር የሚጠፋው በአብዛኛው ነዳጅ፣ አየር ወይም ኤሌክትሪክ ሲጎድለው ነው። ካምቢዮ ሞተር የሚያጠፋበት መንገድ በጣም ጥቂት ነው፤ እሱም ምንም ሳይፈታ ይለያል። ስለዚህ ፍተሻው ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሂድ።

ምሳሌዬን የምወስደው በብዛት ከቶዮታ ፕራዶ ባለ 3.0 ዲ-4ዲ ሞተር ነው፤ 1ኬዲ የሚባለው። መንገዳችን ላይ ሞልቷል፣ ሕመሙም የታወቀ ነው። ሂዩንዳይ ሳንታፌ ወይም ኪያ ሶሬንቶ ናፍጣ የያዛችሁም አትለፉት፤ ኮመን ሬል የሚባለው የነዳጅ ሲስተም ስለሆነ ሐሳቡ አንድ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና በደንብ መያዝ ግድ ሆኗል።

ከሁሉ በፊት፦ ደህንነት

እየነዳችሁ ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑ አንድ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መያዙን ግን አይተውም፤ በደንብ ግፉት እንጂ እየደጋገማችሁ አትርገጡት። ቁልፉን አትንቀሉ፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። አራቱን መብራት አብሩ፣ ማርሹን ወደ ኤን አምጡና እንደገና አስነሱ። አልነሳ ካለ ወደ ዳር።

ሌላው ለመካኒኩም የሚነገር ነው። ድሮ ኮመን ሬል ባልሆነው ናፍጣ ላይ ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተሩን፣ ማለትም ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጨውን ዕቃ፣ ቱቦ ላላ አድርጎ የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ ማወቅ የተለመደ ነበር። ኮመን ሬል ላይ ይህ ፈጽሞ አይሞከርም። የጎማችሁ አየር ከ2 ባር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ በዚህ ቱቦ ውስጥ ያለው ናፍጣ ሞተሩ ሲጫን ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል። ቆዳ በስቶ ይገባል። እጅ ያስቆርጣል። እንዲህ ሊያደርግ ቁልፍ ያነሳ መካኒክ ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

1. መቼ ነው የሚያደርገው?

ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱ። ጠዋት በብርዱ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ቆሞ ነው፣ እየሄደ ነው ወይስ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ስታነሱ? ነዳጁ ሩብ ሲደርስ ይብሳል? ከዝናብ በኋላ ነው የጀመረው? ወይስ ከሰርቪስ ማግስት? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የናፍጣ ፊልትሮ በተቀየረ ማግስት የጀመረ ችግር መጀመሪያ እዚያው ፊልትሮ ላይ ይፈለጋል።

አጠፋፉንም ልብ በሉ። ነዳጅ ያጠረው ሞተር እየተንተባተበ፣ ጉልበቱ እየከዳው ይጠፋል። የኤሌክትሪክ ችግር ያለበት ግን ልክ ቁልፍ እንዳጠፋችሁበት ድርግም ይላል። ይህን ልዩነት በትክክል የሚነግር ባለቤት ለመካኒኩ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል።

2. ኮዱን አንብቡ፣ ግን አትሰርዙ

በስልክ የሚሠራ ትንሽ የብሉቱዝ ስካነር ርካሽ ነው፤ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ይሰካል። አንዳንድ የቆየ ናፍጣ ቶዮታ ላይ ርካሹ አልገናኝም ሊል ይችላል። ያኔ የቶዮታን ፕሮግራም የሚያነብ ስካነር ያለው ጋራዥ ፈልጉ። የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ሪሴት» ማድረግ የሚወድ ሰው አጠገባችሁ ካለ ከማንበባችሁ በፊት አትፍቀዱለት፤ ማስረጃው አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የሚከተሉት ኮዶች መንገድ ይመራሉ። ፒ0087 የነዳጅ ግፊት አነሰ ማለት ነው። ቶዮታ ላይ ፒ1229 ፖምፓው ከተፈለገው በላይ እየገፋ ነው ይላል፤ ጣቱ ብዙ ጊዜ ወደ ፖምፓው ቫልቭ ይጠቁማል። ፒ0335 የክራንክ ሴንሰር ነው፤ የሞተሩን ዙር የሚያነበው። ፒ0299 ቱርቦው በቂ አየር አልሰጠም ነው። ፒ0741 ከመጣ ነገሩ ወደ ካምቢዮው ያዘነብላል። ኮድ ግን አቅጣጫ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0087 አይቶ «ፖምፓ ይቀየር» የሚል መካኒክ አለ፤ የተደፈነ ፊልትሮም ያንኑ ኮድ ያወጣል።

ቀጥሎ መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ ነዳጅ ሳይሰጠው እየሠራ ሳለ፣ ማለትም በሚኒሞ፣ የሬሉን ግፊት ተመልከቱ፤ ሬል ናፍጣው ወደ ኢንጀክተሮቹ ከመሄዱ በፊት በግፊት የሚጠራቀምበት ቱቦ ነው። 1ኬዲ ላይ ከ30 እስከ 40 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ረጋ ብሎ መቆም አለበት። አንዳንድ መተግበሪያ በኪሎ ፓስካል ስለሚያሳይ 30,000 ብታዩ አትደንግጡ። ዋናው መርጋቱ ነው። ቁጥሩ ወደ ላይ ወደ ታች የሚዋኝ ከሆነ፣ የሞተሩ ዙርም አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ችግሩ ነዳጅ ላይ ነው። ካምቢዮውን ለጊዜው እርሱት።

3. ነዳጁን በዓይናችሁ እዩት

ብዙው መልስ የሚገኘው እዚህ ነው።

ሞተሩን አጥፉ። ከፊልትሮው ሥር የውኃ ማፍሰሻ ቡሎን አለ። ንጹሕ ብርጭቆ ከሥሩ ያዙና በጥቂቱ ላላ አድርጉት። ከፊልትሮው አናት ያለውን የእጅ ፖምፓ ጫን ጫን ስታደርጉ ይወርዳል። ግማሽ ብርጭቆ ቀድታችሁ አሥር ደቂቃ አስቀምጡት። ጥሩ ናፍጣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ውኃ ካለበት ከታች ጥርት ያለ መስመር ሠርቶ ይቀመጣል፤ ብርጭቆውን ዘንበል ስታደርጉት ከሥር እንደ ጠብታ ይንከባለላል። ጥቁር ብናኝ ካያችሁ ከሰርባትዮው (ከነዳጅ ታንከሩ) የመጣ ቆሻሻ ወይም ዝገት ነው። የሚያብለጨልጭ ብረት ቅንጣት ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው። ፖምፓው ራሱን እየበላ ነው ማለት ነው። መኪናው ከዚያ በኋላ አይነዳ፣ ያ ብናኝ ወደ ኢንጀክተሮቹ ከገባ ወጪው ይባዛል።

ናፍጣ ሲጠፋ ከጄሪካን የሚቀዳ ሰው በተለይ ይህን ፍተሻ ያዘውትር። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም አለ። ላምባ ሲበዛ ናፍጣው ማለስለሱ ይቀንሳል፣ ፖምፓውና ቫልቩ ደግሞ የሚለሰልሱት በዚያው በናፍጣው ነው።

ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ የማታውቁት ከሆነ አትከራከሩ፣ ቀይሩት። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያ ሳምንት ሥራ ይህ መሆን ነበረበት። የፋብሪካው መጽሐፍ ረዘም ያለ ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ እኔ በኛ ነዳጅ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ነው የምመክረው። ሶማሌ ተራ ስትገዙ በጣም ርካሹን አታንሱ። ሳጥኑ ኦሪጅናል መስሎ ውስጡ ሌላ የሆነ ሞልቷል፤ ወረቀቱ የሳሳ ፊልትሮ ቆሻሻውን አሳልፎ ይሰጣችኋል።

ቀጥሎ አየር። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት የእጅ ፖምፓውን ጫኑት። ወዲያው ከጠነከረ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ እየገፋችሁ እስኪጠነክር የሚቆይ ከሆነ ሌሊቱን ነዳጁ ወደ ሰርባትዮ ተመልሷል፣ በቦታው አየር ገብቷል። የደረቀ የነዳጅ ጎማ (ቱቦ)፣ የላላ ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ) ወይም በፊልትሮው ክዳን የተቆረጠ ማሸጊያ ኦሪንግ ይሆናል። ለማረጋገጥ መካኒኩ ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ በሚሄደው መስመር ላይ ለጊዜው የሚያሳይ የፕላስቲክ ጎማ ያስገባ። ይህ ዝቅተኛ ግፊት ያለበት መስመር ስለሆነ ይቻላል። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ተከታትሎ የሚያልፍ ከሆነ ሌባው ተያዘ።

አንድ አሳሳች ጠባይም አለ። መኪናው ሃያ ሠላሳ ደቂቃ በደንብ ይሄዳል፣ ከዚያ እየደከመ ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ሲነሳ ምንም ያልነበረበት ይመስላል። ይህ ብዙ ጊዜ በሰርባትዮው ውስጥ ያለ ቆሻሻ መሳቢያው አፍ ላይ ሲለጠፍ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ስለሚቆም ቆሻሻው ይወድቃል። በጠፋበት ቦታ ላይ ወዲያው የነዳጁን ክዳን ክፈቱት። ኃይለኛ የመሳብ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ የሰርባትዮው መተንፈሻ ተደፍኗል።

4. የፖምፓው ቫልቭ

ነዳጁ ንጹሕ ነው፣ አየር የለም፣ ፊልትሮው አዲስ ነው። ግፊቱ ግን ይዋኛል። 1ኬዲ ላይ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ከፍተኛ ግፊት ፖምፓው ላይ የታሰረችው ትንሽ ቫልቭ ናት፤ ኤስሲቪ ይሏታል። ሥራዋ ወደ ፖምፓው የሚገባውን ናፍጣ መመጠን ነው። ውስጧ ሲያልቅ ወይም በቆሻሻ ሲያዝ እየተጣበቀች ትሠራለች።

ምልክቱ የታወቀ ነው። መኪናው ሞቆ፣ ከፍጥነት እግራችሁን አንስታችሁ መብራት ላይ ልትቆሙ ስትሉ ሞተሩ ይወርድና ይጠፋል። ወይም ቆሞ ሳለ ዙሩ 600፣ 900፣ እንደገና 600 እያለ ይጫወታል። ዲ ላይ ስለሆናችሁ ይህ መንገጫገጭ በቀጥታ ወደ ካምቢዮው ይሄዳል። «ካምቢዮው ነው» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቫልቯ ሙሉ ፖምፓው ሳይወርድ ትቀየራለች። «ፖምፓው ይቀየር» ካሏችሁ መጀመሪያ «ቫልቯ ብቻዋን ተሞክራለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲቀየር ዙሪያው በደንብ ታጥቦ በአየር ይነፋ፣ አንዲት አሸዋ ከገባች አዲሷም ትያዛለች። ከዚያ በስካነር የፖምፓ ማስለመድ ሥራ የሚፈልጉ መኪኖች አሉ። አጥቦ መመለስ ለጥቂት ሳምንት ይረዳ ይሆናል፤ መፍትሔ ግን አይደለም። ሂዩንዳይና ኪያ ላይም ተመሳሳይ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቮች አሉ።

5. ኢንጀክተሮች

ግፊቱ ደህና ሆኖ ሞተሩ በሚኒሞ በአንድ እግሩ እንደሚያነክስ ከተንቀጠቀጠ ወደ ኢንጀክተር ሂዱ። የቶዮታ ስካነር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የነዳጅ ማካካሻ ቁጥር ያሳያል። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ከ3 በላይ ወይም ከ-3 በታች የሄደ ኢንጀክተር ይጠረጠራል። ብዙ ሂዩንዳይና ኪያ ላይ ደግሞ ስካነር ባይኖርም የመላሽ ፍተሻ ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የእያንዳንዱ ኢንጀክተር መላሽ ቀዳዳ ላይ ጎማ ይሰካል፣ አራቱም እኩል በሆኑ ጠርሙሶች ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል። አራቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ከሌሎቹ እጥፍ የሞላ ካለ እሱ ነዳጁን ከማቃጠል ይልቅ እየመለሰው ነው።

ፕራዶ ከሆነ አንድ ነገር ሳትፈትሹ እንዳትቀሩ። በኢንጀክተሩ ሥር የመዳብ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ቀለበት) አለ። ያ ሲተነፍስ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል፣ በኮፓው (በሞተሩ የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለው የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፈናል። ከዚያ ዘይት ያጣው ሞተር ይነክሳል። ጠዋት በብርዱ ብቻ የሚሰማ ኳኳታ፣ የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ስትከፍቱ ቱፍ ቱፍ የሚል ጭስ፣ ክዳኑ ሥር የተጋገረ ጥቁር ነገር ካያችሁ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይታይ። በመንጠቅ ምክንያት የመጣ መኪና ላይ ይህን ማየት ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ሞተር ግን አድኗል።

6. አየርና ጭስ

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አዋሽ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ቀዳዳ እንጦጦ ዳገት ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ጥቁር ጭስ ካለ የአየር ፊልትሮውን አውጡና እዩ። ከቱርቦው አየሩን እስከሚያበርደው ኢንተርኩለርና ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ጎማዎች በእጃችሁ ዳብሱ፤ በዘይት የራሰ መገጣጠሚያ አየር የሚያፈስ ነው። ሰው ነዳጅ ሲሰጥ ፉጨት ካለ ቦታውን አገኛችሁት።

ኢጂአር የሚባለው የተቃጠለ ጭስ መላሽ ቫልቭ በጥላሸት ሲሞላ ተከፍቶ ይቀራል። ሞተሩ የራሱን ጭስ እየተነፈሰ በሚኒሞ ይታነቃል፣ ይጠፋል። ወርዶ በማጽጃ ይታጠባል፣ ውድ ሥራ አይደለም። የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ለመጠርጠር ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ ሶኬቱን ንቀሉና አጭር ርቀት ንዱ። ያለ ሴንሰሩ የተሻለ ከሄደ ሴንሰሩ ይዋሻል። ቼክ ኢንጂን ይበራል፤ ከመለሳችሁት በኋላ ኮዱ ይሰረዛል።

7. ድርግም ብሎ ከጠፋ

የባትሪ ራሶች፣ ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው የግራውንድ ገመድ። ባትሪው አርፎ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት።

ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሳ ከሆነ የክራንክ ሴንሰር ጠርጥሩ። አልነሳ ባለበት ሰዓት ቁልፉን ስታዞሩ የዙር መለኪያው መርፌ ጨርሶ ካልተነቃነቀ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ቀጥሎ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተገጠመ ነገር ካለ እዩት፤ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ማስጠፊያ ስዊች። ከዳሽቦርዱ ሥር በቴፕ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ስንት ሴንሰር በከንቱ አስቀይሯል። ጉድጓድ ላይ ዘለል ሲል የሚጠፋ መኪና ብዙ ጊዜ ጉዱ እዚያ ነው።

8. አሁን ካምቢዮ

እስካሁን ያለው ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ካምቢዮውን መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ነው የሚጠየቀው።

ልትቆሙ ስትቃረቡ ማርሹን ከዲ ወደ ኤን አምጡ። ኤን ላይ ሞተሩ የማይጠፋ፣ ዲ ላይ ሁልጊዜ የሚጠፋ ከሆነ፣ የሬል ግፊቱም ደህና ከነበረ፣ የቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው በዘይት የሚያገናኘው ክፍል፣ መቆለፊያ አልለቅ እያለ ሊሆን ይችላል። ኤን ላይም ከጠፋ ካምቢዮውን በነጻ አሰናብቱት።

ሁለተኛው ፈተና ጭር ያለ ቀጥ ያለ መንገድ ይፈልጋል። ከ60 እስከ 80 ባለው ፍጥነት ላይ ነዳጁን ትንሽ ረግጣችሁ ያዙ። ለሰከንዶች ወለሉ የሚንዘር፣ ከዚያ ድንገት የሚጠፋ መንቀጥቀጥ ካለ ነዳጁን ሳትለቁ ፍሬኑን ለአፍታ ነካ አድርጉ፣ ወይም ማርሹን ከዲ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። ወዲያው ጸጥ ካለ መቆለፊያው ነው። ሞተር ቢሆን ኖሮ ፍሬን ነካ በማድረግ አይድንም ነበር።

ሦስተኛው፦ ቆማችሁ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ ከኤን ወደ ዲ፣ ከኤን ወደ አር። በቶዮታ መመሪያ ዲ ከ1.2 ሰከንድ፣ አር ከ1.5 ሰከንድ ባነሰ መያዝ አለበት። ዘግይቶ ጓ ብሎ ከያዘ ዘይቱ አንሷል ወይም ውስጡ አልቋል። ወዲያው ይዞ ጓ የሚል ከሆነ ግን የሞተር ሱፖርቱንና የካርዳን መገጣጠሚያውን አስቀድማችሁ እዩ።

መቆለፊያው ቢሆንም እንኳ መጀመሪያ ዘይት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ቶዮታዎች የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ ልኩ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ከሥር ባለው ቡሎን ነው። ቀዝቅዞ ወይም በጣም ሞቆ የሚለካ ሰው ወይ ያበዛል ወይ ያሳንሳል። ዘይቱ ለመኪናው የታዘዘው ይሁን፤ ለቶዮታ ደብሊው ኤስ ከተባለ ደብሊው ኤስ ነው። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው መንቀጥቀጡን ሊያመጣው ይችላል። ዘይቱ ጠቁሮ ካልተቃጠለ አፍስሶ መሙላት፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ መድገም ብዙ መንቀጥቀጥ ያስታግሳል። የተቃጠለ ከሸተተና በካምቢዮው ኮፓ ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ከበዛ ያኔ ካምቢዮ ማውረድ ተገቢ ነው።

ገና ልትገዙ ከሆነ

ለሻጩ ወይም ለደላላው «ከመምጣቴ በፊት እንዳታስነሱት» በሉ። ስትደርሱ መዳፋችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ቅጠሩ፣ ጠዋት የሚታይ ሕመም ስላለ ነው። ስካነሩን ሰክታችሁ ደግሞ ኮድ ከተሰረዘ በኋላ የተነዳውን ኪሎ ሜትር ፈልጉ፤ ብዙ መተግበሪያዎች ያሳያሉ። 12 ኪሎ ሜትር ካለ ትናንት ወይም ዛሬ ጠዋት ሰው ሰርዞታል። ለምን እንደሰረዘው ጠይቁ።

ከዚያ ሙሉ ለሙሉ እስኪሞቅ ንዱት፤ ዳገት አስወጡት፣ ፈጣን መንገድ ላይ 80 ያዙበት፣ ተመልሳችሁ ቆማችሁ ኤሲውን ከፍታችሁ ዲ ላይ አምስት ደቂቃ አቆዩት። መሪውን እስከ ጫፍ አዙሩ። ደካማ ሚኒሞ ያለው መኪና ይህን አይችልም። በመጨረሻ ስካነሩን እንደገና ሰክታችሁ አንብቡ፤ ሊወጣ የተዘጋጀ ኮድ ካለ በዚህች ዙር ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ።